የቅዳሜው የጄል ሥራ፦ ጨው እንምረጥ

ሰላም የቡድናችን አባላት፣

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ላብራቶሪ ተገናኝተን፣ በኤሌክትሪክ ቀለሙን ለሚቀይረው መስታወታችን ጄል ኤሌክትሮላይት (አዮን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ሙላት ያለው ቅንጣት፣ የሚያስተላልፍ ዝልግልግ ነገር) እንሠራለን። ከዚያ በፊት የምንጠቀምበትን የሊቲየም ጨው መወሰን አለብን።

በመስታወቱ ላይ ያለው የተንግስተን ኦክሳይድ ስስ ሽፋን ሰማያዊ የሚሆነው የሊቲየም አዮንና ኤሌክትሮን አብረው ሲገቡበት ነው፤ ቮልቴጁ ሲገለበጥ ይወጡና መስታወቱ ይጠራል። ጄሉ አዮኑን ያመላልሳል፣ እንደ ፈሳሹም በየቀዳዳው አይፈስም። ጄሉን የሚያጠነክረው ፖሊመር ፒኤምኤምኤ (አክሪሊክ ፕላስቲክ)፣ ማሟሚያው ፕሮፒሊን ካርቦኔት ነው፤ በእነዚህ ተስማምተናል። ፖሊመሩ ሲበዛ ጄሉ ይጠነክራል፣ አዮኑ ግን ይዘገያል፤ ስለዚህ በትንሹ እንጀምር።

የቀረው ጨው ነው። ሊቲየም ፐርክሎሬት አዮን በደንብ ያስተላልፋል፣ ግን ኃይለኛ ኦክሲዳይዘር (ሌላውን ነገር እንዲቃጠል የሚያግዝ) ስለሆነ እንደ ፖሊመራችንና ማሟሚያችን ካለ ኦርጋኒክ ነገር ጋር ማሞቅ ያሰጋል። ሊቲየም ትራይፍሌት በማስተላለፍ ቢያንስም በዚህ በኩል ይሻላል። ለእኛ ላብራቶሪ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሁለቱም እርጥበት ይስባሉ። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ! ውሃ ከገባ አረፋ ይፈጠራል፣ ሽፋኑም ይጎዳል። የጨው ዕቃ ከፍቶ ወሬ መጀመር ክልክል ነው።

ጋውን፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ይዛችሁ ኑ። መልቲሜትር ያለው ያምጣ፤ የመስታወቱን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ገጽ የምንለየው በእሱ ነው።

እስከ ሐሙስ ማታ «ፐርክሎሬት» ወይም «ትራይፍሌት» ብላችሁ እዚሁ መልሱ፤ የማትመጡም አሳውቁን።