የልጄ ነገር፣ እስኪ ምከሩኝ

ውድ አባላት፣ ጤና ይስጥልኝ። የ22 ዓመት ልጄን ካለፈው ዓመት ጀምሮ በድንገት ይጥለዋል። ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሲነቃ ምንም አያስታውስም። ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) ተነሣ፣ ኢኢጂም (የአንጎልን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) ተሠራለት። ሁለቱም ደህና ነው ተባልን። “ታዲያ ምን ሆኖ ነው?” ብል መልስ አጣሁ።

በኋላ አንዲት ሐኪም ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ኢኢጂ የሚያሳየው በምርመራው ሰዓት ያለውን የአንጎል እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ደህና ቢሆንም የሚጥል በሽታ የለበትም ማለት አይደለም። እንቅልፍ ሳይተኛ አድሮ ቢደገምለት ወይም ለቀናት በቪዲዮ እየተቀረጸ ቢታይ የተደበቀው ሊገኝ ይችላል። የልብ ምት መዛባትም እንዲህ ሊጥል ስለሚችል ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) አዘዘችለት። ይህን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም!

ከሁሉ የጠቀመን እህቱ በስልኳ የቀረጸችው ቪዲዮ ነው። እናንተም ቅረጹ። መጀመሪያ ግን በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ፣ አፉ ውስጥ ምንም አታስገቡ። 5 ደቂቃ ካለፈ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለቀናት በቪዲዮ እየተቀረጸ የሚደረገውን የኢኢጂ ምርመራ ያለፋችሁበት ካላችሁ፣ እባካችሁ እንዴት እንደነበር ጻፉልኝ። ልጄ ፈርቷል። እኔም ፈርቻለሁ።