ልጆቻችንን ለማን ነው የምናስረክበው?

ለአዘጋጁ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የጋዜጣችሁ አንባቢ ነኝ፣ ሰሞኑን ግን ከማንበብ አልፌ ለመጻፍ የተነሳሁት አንድ ነገር ሆዴን ስለበላኝ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለአዲስ ተማሪዎች ጥሪ ማውጣት ጀምረዋል። የጅማ መናኸሪያም ሻንጣና ብርድ ልብስ የተሸከሙ ልጆች እየበዙበት ነው። አንዳንዱ ከእናቱ ጋር፣ አንዳንዱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር፣ ብዙው ግን ብቻውን ነው። እነሱን ሳይ የሚያሳስበኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ ድሮ ልጅ ግቢ ሲገባ ከሰው እጅ ወደ ሰው እጅ ነበር የሚያልፈው። ዛሬ በር ድረስ እናደርሰዋለን፣ ከበሩ ወዲያ ግን "እኔ ተረክቤዋለሁ" የሚል ሰው የለም። ይሄ መስተካከል አለበት። ጅማ ደግሞ ከማንም ቀድማ ልታስተካክለው ትችላለች ብዬ አምናለሁ።

እኔ ከጅማ ወጥቼ አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የገባሁት በ80ዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ተብለው የሚጠሩት አዲስ አበባና አለማያ ብቻ ነበሩ፣ ሌላው ኮሌጅና ኢንስቲትዩት ነው። አባቴ አብሮኝ አልሄደም፣ የሁለት ሰው መሳፈሪያ አቅሙ አልነበረም። ብቻዬን ላከኝ ማለት ግን አይደለም። አዲስ አበባ ለሚኖር የአጎቱ ልጅ አስቀድሞ ደብዳቤ ጻፈ። የአውቶቡሱን ሾፌር ሄዶ አነጋገረ። "ልጄን አደራ፣ አውቶቡስ ተራ ስትደርሱ ዘመዷ መጥቶ ሳይረከባት እንዳትወርድ" አለው። ሾፌሩም ከኋላው ካለው ወንበር አስቀመጠኝ። ከጅማ ንጋት 12 ሰዓት ተነስተን ጊቤን ወርደን እስክንወጣ፣ ወልቂጤ ላይ ምሳ እስክንበላ፣ ዓይኑን ከእኔ አላነሳም። አዲስ አበባ ሲመሽ ገባን። ዘመዳችን ቆሞ እየጠበቀ ነበር።

በማግስቱ ስድስት ኪሎ የወሰደችኝ ባለቤቱ ናት። ስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፣ ተሰልፈን ተመዘገብኩ። ከዚያ እትዬ እስከ ዶርሜ ድረስ አብራኝ ገባች። ፍራሹን አንስታ ገለበጠችው፣ ሽታውን ሳይቀር አየች። ተደራራቢ አልጋው እንዳይወዛወዝ በሁለት እጇ ያዝ አድርጋ ነቀነቀችው። የሎከሩን ቁልፍ ደጋግማ ከፍታ ዘጋችው። ከዚያ አብረውኝ ከሚያድሩት ልጆች ጋር ቁጭ ብላ ስማቸውን ጠየቀች፣ አገራቸውን ጠየቀች፣ የአንዷን አጎት የምታውቀው ሆና ተገኘች። ስትወጣ የዶርሙን ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሯን፣ "እህቴ፣ ይቺ ልጅ የሰው አደራ ናት" አለቻት። ሴትየዋም ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ትጠራኝ ነበር። እሁድ እሁድ እነ እትዬ ቤት ምሳ በላሁ፣ ልብሴን እዚያ አጠብኩ። ፈተና የወደቅኩ ጊዜ ያለቀስኩት እትዬ ጓዳ ውስጥ ነው። ለእናትና ለአባቴ በደብዳቤ ልጽፈው የማልችለውን ነገር እሷ ፊቴን አይታ ታውቀው ነበር።

ያ ዘመን እንዲመለስ እየጠየቅኩ አይደለም። ደብዳቤ ወር ሙሉ ይጠፋ ነበር፣ ቴሌ ቢሮ ተሰልፎ መደወል ራሱ ፈተና ነው፣ ብዙ ጎበዝ ልጅ ደግሞ ቦታ ስለሌለ ብቻ ቤቱ ቀርቷል። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነዋል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ምደባው ልጁን ከአገሪቱ ጫፍ ወደ ጫፍ ይወስደዋል። የጅማ ልጅ ሰመራ ይመደባል፣ የጅግጅጋ ልጅ ጅማ ይመጣል። አዲስ አበባ ዘመድ የሌለው ጥቂት ነው፣ ሰመራ ዘመድ ያለው የጅማ ሰው ግን ስንት ነው? የድሮው የአደራ ሰንሰለት የተበጠሰው እዚህ ላይ ነው። ተበጥሶም በቦታው የተተካ የለም።

ወላጅም እንደ ድሮው ልቡ አይረጋም። በ2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ነገር እስከዛሬ ከእናቶች ሆድ አልወጣም። በጦርነቱ ጊዜ ልጆቻቸው ትግራይ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሆነው ስልክ ተቋርጦባቸው የከረሙ ወላጆችንም አውቃለሁ። በዚያ ላይ ፈተናው ከብዷል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው እያደሩ መሰጠት ሲጀምር፣ የ2014ቱን ማለቴ ነው፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚህ ሁሉ ወንፊት ያለፈች ልጅ "ቻው እማ" ብላ በአውቶቡስ መስኮት እጇን ስታውለበልብ ዝም ብሎ ወደ ቤት የሚመለስ ወላጅ ቢጠፋ አይገርመኝም። ብድርም ገብቶ ቢሆን አብሮ ይሄዳል።

እኔም ሄድኩ። የመጨረሻ ልጄን ይዤ፣ ሩቅ ወደሆነ ከተማ። የግቢውን ስም አልጠራም፣ ብዙ ቦታ ያለ ነገር ነውና አንዱን ነጥሎ መውቀስ ልክ አይሆንም። የእኛው የጅማው ግቢ እንዲህ ነው ማለቴም አይደለም። ሌሊት ተነስተን፣ መሃል አድረን፣ በማግስቱ ስንደርስ የተማሪዎች ህብረት ልጆች መናኸሪያ ላይ ጠብቀውን ነበር፣ ሻንጣዋን ተሸከሙላት፣ አውቶቡስም ቆሞ ነበር። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ጥሩ ልጆች ናቸው። ግቢው በር ስንደርስ ግን ጥበቃው "እናቴ፣ ከዚህ ወዲያ ተማሪ ብቻ ነው" አለኝ። በትህትና ነው ያለው፣ የታዘዘውን ነው የሠራው። ሻንጣዋ ተፈተሸ። በሶውና ዳቦ ቆሎው አለፈ፣ ማሩም አለፈ። ከዚያ ልጄ ገባች። እኔ ቀረሁ።

በሩ ፊት ለፊት ጥላ እንኳ የለም። ወላጆች በፀሐይ ቆመን በአጥሩ ቀዳዳ እናያለን። አንድ በዕድሜ የገፉ አባት ነበሩ፣ ከአርሲ ነው የመጡት፣ ወንድ ልጅ አድርሰው። በእጃቸው የልጅ ደብተር የምታክል ማስታወሻና እስክሪብቶ ይዘዋል። የሚወጣ የሚገባውን ሁሉ "ልጄ ያለበትን ሕንፃ የሚጠብቀው ማነው? ስሙንና ስልኩን ጻፍልኝ" ይላሉ። ሌላ የጠየቁት ነገር የለም። አንዱ ወደ ሬጂስትራር ይልካቸዋል፣ ሬጂስትራር ደግሞ ውስጥ ነው። አንዱ "አባባ፣ ፌስቡክ ገጹ ላይ አለ" ይላቸዋል። እስክንለያይ ድረስ ማስታወሻቸው ላይ አንድም ስም አልተጻፈም። ልጃቸውን አንዴ እንደገና ልየው አላሉም፣ የተረከበውን ሰው ስም ነው የፈለጉት። አባት ነውና መብቱ ነው።

ማታ ልጄ በቪዲዮ ደወለች። ስልኳን አዙራ ዶርሙን አሳየችኝ፣ አልጋዋን፣ ሎከሯን፣ መስኮቱን። "ጥሩ ነው እማ" አለች። እኔም ደስ አለኝ። ግን ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፣ ልጅ በስልክ የሚያሳየው እናቱን የሚያሳርፈውን ነው። ያተኮሳት እንደሆነ አትነግረኝም። ካፌው አልስማማ ብሏት ሦስት ቀን በብስኩት ከዋለች አትነግረኝም። "ልመለስ" የሚል ሐሳብ መጥቶባት እንደሆነ አትነግረኝም። ይሄን ሁሉ የሚያየው አጠገቧ ያለ ትልቅ ሰው ነው። ለሴቶቹ ደግሞ ይብሳል፣ በመጀመሪያው ሰሞን በር ላይ "አገሩን ላሳይሽ" የሚል አይጠፋም። በከተማው አንድ የምትታወቅ ቤት ያላት ልጅና ማንም የሌላት ልጅ ለእንዲህ ያለው ሰው እኩል አይታዩትም።

አሁን ወደ ጅማችን ልምጣ። እኛ የተማሪ ከተማ ነን፣ ዛሬም አይደለም የጀመርነው። የግብርና ትምህርት ቤቱ የተከፈተው በ1940ዎቹ አጋማሽ ነው፣ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ በ70ዎቹ መጣ፣ ሁለቱ ተዋህደው በ1992 ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ከየአቅጣጫው ይመጣሉ። ሱቃችን፣ ቤት ኪራያችን፣ ባጃጃችን ሁሉ ከእነሱ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙዎቻችን ግን የምናውቃቸው በደንበኝነት ነው።

አንድ የምኮራበት ነገር አለ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገና ከጅምሩ ተማሪዎቹን ከማኅበረሰቡ ጋር በማስተማር የታወቀ ነው። የጤና ተማሪዎች መጠይቅ ይዘው በየቀበሌው ቤት ለቤት ይሄዳሉ። እኔ ቤትም በተደጋጋሚ ገብተዋል። ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው፣ ልጆቹ ተከትበዋል ወይ እያሉ ሲጠይቁ ሁሉንም መልሰናል፣ ጓዳችንን አሳይተናል፣ ቡና አፍልተናል። አንዷ ልጅ መጠይቁን ጨርሳ እስክሪብቶዋን ስትከድን "እናቴም ቡና ስታፈላ እንዲሁ ነው" ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ። እንግዲህ እኔ የምለው፣ እነዚህ ልጆች በመጠይቅ ከገቡብን በእንግድነት ለምን አይገቡም? በሩ ክፍት መሆኑን ዩኒቨርሲቲውም እኛም እናውቀዋለን።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቃል ኪዳን ቤተሰብ የሚል ነገር ጀምሯል። የከተማው ሰው ከሩቅ የመጣ ተማሪን እንደ ልጁ ይቀበላል፣ ልጁ የሚሄድበት ቤት፣ "እማዬ" የሚላት ሴት ያገኛል። እንዲህ ያለው ነገር ለጅማ ይቸግራል? በዓል ሲመጣ ከጎረቤት ጎረቤት ሳህን በሚመላለስበት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ረከቦት ዙሪያ በሚቀመጥበት ሰፈር ውስጥ ነው የምንኖረው። ዝናቡን ብቻ እንኳ እናስጠንቅቃቸው። ጅማ ዝናቡ ረጅም ነው፣ ከቆላ የመጣ ልጅ ጃንጥላ አይዝም፣ ያጠበው ልብስ ሲከርምበት ግራ ይገባዋል። አጎበር የሚያስፈልግ ከተማ መሆኑንም የሚነግረው የአገር ሰው ነው።

ስጋት ያለው ሰው እንዳለ ይገባኛል። ተማሪን የማይታወቅ ቤት መስደድ አደጋ አለው፣ እውነት ነው። ለዚህ እኮ እድር አለልን። እድር ማን እንዴት እንደሚኖር ያውቃል፣ ማንን ማመን እንደሚቻል ያውቃል። ፈቃደኛ ቤተሰብ በእድሩ ይመዝገብ፣ ቀበሌ ያረጋግጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ የተማሪውን ፈቃድ ጠይቆ ያገናኝ። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ይርዳ። ልጁ ካልፈለገ አይገደድ፣ ካልተስማማው ይቀየርለት። ለሴት ተማሪ ሴት ያለችበት ቤት ይሁን። ይሄ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም፣ አንድ የሚያስተባብር ቢሮና አንድ መዝገብ ይበቃዋል።

ስለ በሩም አንድ ነገር ልበል። የጥበቃ ነገር ቀላል አይደለም፣ ሺህ ወላጅ በአንዴ ዶርም ሊገባ አይችልም። ግን በምዝገባ ቀናት ለአንድ ተማሪ አንድ ወላጅ መታወቂያውን በር ላይ አስይዞ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ ወደ ሴቶች ዶርም እናትና እህት ብቻ፣ ልጁ የሚያድርበትን ዓይቶ ቢወጣ ምን ይከብዳል? ይሄም የማይቻል ከሆነ በር ላይ ጥላና አግዳሚ ወንበር ተደርጎ፣ ከተማሪዎች አገልግሎት አንድ ሰው ተቀምጦ፣ የፕሮክተሩን ስምና የቢሮውን ስልክ በወረቀት ጽፎ ለእያንዳንዱ ወላጅ ይስጥ። የአርሲው አባት ይሄን ብቻ ይዘው ቢመለሱ መንገዱን በሙሉ በሰላም ይሄዱ ነበር።

ይሄን ደብዳቤ ካወጣችሁልኝ ዩኒቨርሲቲያችን፣ የከተማው አስተዳደርና የእድር ሽማግሌዎች አንብበው መልስ እንዲሰጡበት እጠይቃለሁ። እኔ በበኩሌ ቤቴን አዘጋጅቻለሁ። ለሁለት ሴት ተማሪዎች፣ ከየትም ይምጡ፣ እሁድ እሁድ ምሳና የልብስ ማጠቢያ ውሃ አለ፣ የታመመች ካለች ሐኪም ቤት የማደርስ እኔ ነኝ። በእድራችን ያሉ አራት እናቶችም እንዲሁ ብለውኛል። ስማችንና ስልካችን ለአዘጋጁ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተልኳል፣ የሚመለከተው ቢሮ ሲጠይቅ ይሰጠው።

አንዲት የተማሪ እናት
ከጅማ፣ ቦሳ አዲስ