«አለፈ» አትበል

ልጄ፣

እህትህ ማክሰኞ ማታ ደውላ ነገረችኝ። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት» ብለህ እንዳስማልካትም ነግራኛለች። እሷን እንዳትቆጣት። ድምፅዋ ልክ አልመስል ሲለኝ አስጨንቄ ያናዘዝኳት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ሁሉንም አውቄያለሁ። ከዱለስ አየር ማረፊያ ሰው ጭነህ ስትመጣ ቀኝ እጅህ መሪውን እንደለቀቀ። ሰውየው ሲያናግርህ ቃሉ አፍህ ላይ እንደጠፋ። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ እጅህም ምላስህም ሲመለስልህ «አለፈ» ብለህ ሰውየውን ቤቱ አደረስክ። ሌላ ሁለት ሰው ጭነህ፣ እቤትህ ገብተህ ተኛህ። ሐኪም ቤት የሄድከው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ያውም እህትህ ጎትታህ።

እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ በኋላ ዋናው ስትሮክ የሚፈራው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። አንተ እነዚያን ሁለት ቀናት መኪና ስትነዳባቸው ነበር። ከሰማሁ ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

አለፈ አትበል ልጄ። ምንም አላለፈም።

በምርመራው የግራ አንገትህ ደም ቅዳ፣ ካሮቲድ የሚባለው፣ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ተገኘ። ሐኪሙም «የጎን ደም ስሮችህ አድነውሃል» አለህ። አንተ ከዚህ ሁሉ የያዝከው «አድነውሃል» የሚለውን ብቻ ነው። የቀረውን እኔ ልንገርህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ዘጠኙን ዓመት ደግሞ ተማሪዎችን አስተምሬያለሁ። ለእነሱ እንደነገርኳቸው ለልጄ ልንገር።

አንጎል ኪሎ ተኩል አይሞላም። ነገር ግን በየደቂቃው ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል ደም ይፈልጋል። ሰውነትህ ከሚጠቀመው ኦክስጅን አንድ አምስተኛው ገደማ የእሱ ድርሻ ነው። ጎተራ የለውም። ጡንቻ ስንቅ ይይዛል፣ ጉበትም ይይዛል። አንጎል ግን ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው። ደሙ ጨርሶ ቢቋረጥ ሰው በአሥር ሰከንድ ገደማ ራሱን ይስታል።

ለዚህ ነው ፈጣሪ በአንድ በር ብቻ ያልተወው። ሁለት ትላልቅ ደም ቅዳዎች በአንገት ፊት ለፊት፣ ሁለት ደግሞ በኋላ በአጥንቱ በኩል ይወጣሉ። ከአንጎል ሥር ሲደርሱ በቀጫጭን ስሮች ተያይዘው ቀለበት ይሠራሉ። ቶማስ ዊሊስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በ1664 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ቀለበት ጻፈ፤ ቀለበቱም በስሙ ይጠራል። ዊሊስ አንድ ሬሳ ሲመረምር ያየው ነገር ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የሰውየው አንዱ ካሮቲድ ተዘግቷል፤ ግን ሰውየው በስትሮክ አልሞተም። በዚያው ወገን ያለው የኋላው ደም ቅዳ ከጓደኛው በጣም ሰፍቶ ሥራውን ይሸፍንለት ነበር።

አንተም እንደዚያ ሰውዬ ነህ። የቀኙ ደም ቅዳህ በቀለበቱ በኩል ለግራውም እየደረሰለት ነው። ከዚህ ሌላ በአንጎል ልባስ ላይ የሚሄዱ ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ ስሮች አሉ፤ የአንዱን ሠፈር ከሌላው ሠፈር ያገናኛሉ። የተረፍከው በእነዚህ ነው። ሁሉም ሰው ግን እኩል አልታደለም። ብዙ ሰው ላይ ቀለበቱ ሙሉ አይደለም፤ አንዱ ጋ ይቀጥናል፣ አንዱ ጋ ጭራሽ የለም።

ወሎ፣ መርሳ ከተማ ያለውን የአያትህን የብርቱካን ማሳ ታስታውሳለህ? ትልቁ ቦይ በደለል ሲደፈን ውሃው በጎን ቦዮች እየዞረ ይገባ ነበር። ዛፎቹ አልደረቁም። አያትህ ግን «ውሃው ገባ» ብሎ አልተኛም። ከላይ አንድ ሰው ትንሽ ውሃ ሲጠልፍ መጀመሪያ የሚደርቀው የትኛው ጥግ እንደሆነ ያውቅ ነበር። በጎን ቦይ የሚኖር ጥግ በኃይል ነው የሚኖረው። ኃይሉ ቀነሰ ማለት እሱ ጋ አልደረሰም ማለት ነው።

እህትህ የነገረችኝ ሌላው ነገር ደግሞ ይህ ነው። የደም ግፊትህን ለክተህ የላይኛው ቁጥር 170 ሲሆን ደንግጠህ ሁለት ቀን ክኒኑን እጥፍ ዋጥክ፤ ራስህን ሲያዞርህ ደግሞ ጭራሽ ተውከው። እዚህ ላይ ቆም በልና ስማኝ።

ጤነኛ የአንጎል ደም ስር ብልህ ነው። ግፊት ሲጨምር ራሱን ያጠባል፣ ሲቀንስ ይሰፋል። አማካይ ግፊቱ፣ ከላይኛውና ከታችኛው ቁጥር ተሰልቶ የሚገኘው፣ ከ60 እስከ 150 ገደማ ቢዋዥቅም ለአንጎል የሚደርሰው ደም ብዙም አይለዋወጥም። ግፊት ለዓመታት የቆየበት ሰው ላይ ግን ይህ ልክ ወደ ላይ ይወጣል። ለሌላው ደህና የሆነው ቁጥር፣ በአንዴ ከወረደ፣ ለእሱ ትንሽ ይሆናል። ከተዘጋው ቦታ ወዲያ ያሉት ስሮች ደግሞ አስቀድመው እስከ መጨረሻቸው ሰፍተዋል። ከዚህ በላይ የሚሰፉበት የላቸውም። የቀራቸው የሚገፋቸው ኃይል ብቻ ነው።

ይህን እኔ የተማርኩት በአባትህ ነው።

ከቤተሰቡ ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለእህትህም። በ1993 ዓ.ም. ሰኔ ውስጥ፣ እሑድ፣ ቡና ተፈልቶ፣ አባትህ ሲኒውን እያሳየኝ «ያንን... ያንን...» አለ። ስሙ ጠፋበት። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ተመለሰለት። «ድካም ነው» አለኝ። እኔም፣ ነርሷ፣ «ተመስገን፣ አለፈ» አልኩ። በዚህ አፌ አልኩ። እንደገና ቡና ቀዳሁለት።

ማክሰኞ ማታ ከሥራ ሲገባ ቀኝ እጁ ዝሏል። ምላሱ ይተሳሰራል፣ ግን ይናገራል፣ በስሜ ይጠራኛል። ግፊቱን ስለካው 210 በ120። ኒፌዲፒን የሚባለውን የግፊት ማውረጃ ከቦርሳዬ አወጣሁ። እንክብሉን በመርፌ በስቼ ምላሱ ሥር አንጠባጠብኩት። በዚያን ጊዜ እኛ ዋርድ የሚሠራው እንዲህ ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ግፊቱ 130 ገባ። ቁጥሩን አይቼ ደስ አለኝ። ቀና ስል እጁ ጨርሶ ሞቷል፣ አፉ ተዘግቷል። አንተ በ16 ዓመትህ እግሩን ይዘህ ወደ ታክሲው ያወጣኸው ያኔ ነው።

አራት ዓመት ኖረ። አንድም ቀን ስሜን አልጠራም።

ያ ከፍ ያለው ግፊት የሩቁ ጥግ እንዳይደርቅ ውሃውን የሚገፋ ኃይል ነበር። እኔ ከላይ ጠለፍኩት። በአሜሪካ ሐኪሞች ይህ አሰጣጥ ይቁም ብለው በ1996 እ.ኤ.አ. ጽፈው ነበር። እኔ ጽሑፉን ያየሁት አባትህ ካለፈ በኋላ ነው። አንድ አብሮኝ የሚሠራ ዶክተር «ያለዚያም ሊሆን ይችል ነበር፣ ስሩን የዘጋው የረጋ ደም ትልቅ ነው» አለኝ። ይሆናል። እኔ ግን አሁንም ያንን መርፌ በእጄ ይዤ አያለሁ።

ስለዚህ አባቴ፣ ክኒንህን አንተ ራስህ አትጨምር፣ አንተ ራስህ አታቋርጥ። ግፊትህ መውረድ አለበት፣ ግን በሐኪምህ እጅ፣ በቀስታ፣ በሳምንታት። የደም ማቅጠኛውንና የኮሌስትሮሉን አንድ ቀን አትለፍ። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ካሮቲድ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ጥገና አይከፈትም። ያለህ መድኃኒቱና የጎን ስሮችህ ናቸው።

ውሃ ጠጣ። መኪና ውስጥ ሽንት ቤት እንዳልፈልግ ብለህ ሳትጠጣ እንደምትውል አውቃለሁ። ውሃ ያጣ ሰው ግፊቱ ድንገት ይወርዳል። ጾሙን ለነፍስ አባትህ ንገራቸው፣ ለታመመ ሰው የሚሉትን ያውቃሉ። ከአልጋ ስትነሳ መጀመሪያ ተቀመጥ። ስትደነግጥ ቶሎ ቶሎ አትተንፍስ፤ ደምህ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ የአንጎል ስሮች ይጠባሉ። ሲጋራውን ደግሞ ዛሬ። ነገ አላልኩም።

ቢደገም ግን፣ እጅህ ቢዝል፣ ፊትህ ቢዛባ፣ ቃል ቢጠፋህ፣ አንድ ዓይንህ ቢጨልም፣ መኪናውን ዳር አቁምና 911 ደውል። የጀመረበትን ሰዓት ያዝ። መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። በስትሮክ ጊዜ በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ገደማ የአንጎል ሕዋሳት ይሞታሉ ተብሎ ተሰልቷል። ከሚሞተው ቦታ ዳር ያለው የአንጎል ክፍል ግን በጎን ስሮች ትንሽ ትንሽ እየጠጣ ይጠብቃል። አልሞተም፣ ግን አይሠራም፤ ሰው እስኪደርስለት ነው። እየጠበቀህ አንተ ሥራ ልጨርስ አትበለው። አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ቢመለስልህም ደውል። አለፈ አትበል።

በሚመጣው ሰው ሽሮና በርበሬ ልኬልሃለሁ። በሁለቱም ጨው የለበትም፣ ጣዕሙ ካልተመቸህ ሎሚ ጨምቅበት፣ ጨው እንዳትነሰንስ። አጃም አለ። እህትህ የቤትህን ቁልፍ ትያዝ፣ ብቻህን ነው የምትተኛው።

አባትህ የሚወደውን ያንን ሰማያዊ ሲኒ እስካሁን አልሰበርኩትም። ስትመጣ በእሱ ትጠጣለህ።

ከአሁን ጀምሮ በየቀኑ በቪዲዮ ትደውልልኛለህ። እዚህ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን፣ ሥራ ላይ ብትሆንም መኪናውን አቁመህ። መብራት አብራ፣ ፊትህ ይታየኝ። ፈገግ ትልልኛለህ። ሁለቱን እጆችህን ወደ ፊት ዘርግተህ፣ አስር እስክቆጥር ድረስ እንዳታወርዳቸው። ከዚያ በስሜ ትጠራኛለህ።

እናትህ