ጠርሙሱ አይደለም የዘፈነው

ለአዘጋጁ፣

ስለ አሜሪካዊው የሮክ ዘፋኝ ጂም ሞሪሰንና ኦሊቨር ስቶን እ.ኤ.አ. በ1991 ስለሠራው «ዘ ዶርስ» ፊልም ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው መጠጡንና ዕፁን የችሎታው ምንጭ አድርገው ማየታቸውን አልቀበልም።

ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ፓሪስ ውስጥ ሲሞት ገና 27 ዓመቱ ነበር። የሚዘፍንበት ባንድ ዘ ዶርስ ከ1967 እስከዚያ ዓመት ድረስ ስድስት የስቱዲዮ አልበሞች አውጥቷል። ይሄ በስካር የሚገፋ ሥራ አይደለም። ከዚያ በፊትም በሎስ አንጀለስ ክለቦች ማታ ማታ እየተጫወቱ ነው ዘፈኖቻቸውን ያበሰሉት። ፊልሙ ግን ልፋቱን ቶሎ ያልፈውና ጠርሙሱ ላይ ይቆያል። የባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ሬይ ማንዛሬክም ጓደኛውን ሰካራም ብቻ አድርጎ አቅርቦታል ብሎ ፊልሙን በአደባባይ ነቅፏል። አብሮት የሠራ ሰው ምስክርነት ለእኔ ይበልጥብኛል።

ነገሩ ለደሴ ልጆች ሩቅ አይደለም። በአምባሰልና በባቲ ቅኝት አገር ድምፃዊ መሆን የሚመኝ ወጣት ሞልቷል። ጫትና አረቄ ካልተጨመረበት መድረክ የማይደምቅ የሚመስለውም አለ። የላሊበላ ኪነት ቡድን አንጋፋዎች ግን በልምምድ ነው የተሠሩት።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ከእነዚህ አንጋፋዎች አንዱን ስለ ልምምዳቸው ጠይቃችሁ አውጡልን። ፊልሙን ለወጣቶች የሚያሳይ ክበብም ካለ፣ ከፊልሙ በኋላ አንድ ሙዚቀኛና አንድ የጤና ባለሙያ ጋብዞ ያወያያቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ