ህመሙ ተወኝ ብለህ የሪህ ክኒንህን አታቁም

ልጄ፣ እንዴት ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ብርሃን እንደምታውቃት ናት፤ ብርዱ አልለቀቀም።

እህትህ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። በፋሲካ ማግስት ሌሊት የእግርህ አውራ ጣት ቀልቶና አብጦ፣ አንሶላ ሲነካህ እንኳ እየጮህክ ነው ያነጋኸው አሉ። ለእኔ ያልነገርከኝ እንዳልጨነቅ ብለህ ነው። እሱን ትቼልሃለሁ። ይሄኛውን ግን አልተውልህም፦ እግርህ ሲሻልህ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ወርውረህ፣ ቅዳሜ ከጓደኞችህ ጋር ቁርጥ ቤት ሄደሃል።

ስማኝ ማሙሽ። ሪህ ህመሙ ሲሄድ በሽታው አይሄድም።

ምንም ባታደርግለት እንኳ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት በሁለት ሳምንት ይተውሃል። ሰውን የሚያዘናጋው ይሄ ነው። መርፌ የተወጋው በመርፌው፣ ቅባት የተቀባው በቅባቱ የዳነ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ከደም ነው የሚጀምረው። ሰውነታችን አሮጌ ሕዋሶቹን ሲያፈርስ፣ ሥጋም ስንበላ፣ ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር ይፈጠራል። አብዛኛውን ኩላሊት በሽንት ያስወጣዋል። ኩላሊት በሚገባ ካላስወጣው ይጠራቀማል። በደም ምርመራ ከ6.8 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) ሲያልፍ፣ ሻይ ውስጥ የበዛ ስኳር እንደሚዘቅጠው መገጣጠሚያ ውስጥ መዝቀጥ ይጀምራል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብስበታል። የእግር ጣት ከሌላው ሰውነት ቀዝቀዝ ስለሚል ብዙ ጊዜ የሚነሳው እዚያ ነው። የዘቀጠው ጫፉ የሾለ ክሪስታል ነው። ነጭ የደም ሕዋሶች ሲረባረቡበት ያ እብጠትና ያ የሚያቃጥል ህመም ይመጣል። እብጠቱ ጎደለ ማለት ክሪስታሉ ወጣ ማለት አይደለም። እዚያው ቁጭ ብሎ አጥንቱን ይበላል።

«የሀብታም በሽታ ያዘኝ» ብለህ ስቀሃል አሉ። አያትህ ሀብታም ነበር?

ጣቶቹን ታስታውሳለህ አይደል? ትንሽ ልጅ ሆነህ እየነካካህ «እማዬ፣ አባባ እጁ ውስጥ ጠጠር ለምን ገባ?» ያልከኝን አልረሳውም። አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር። ሥጋ የሚበላው ለበዓል ብቻ ነው። በሽታው በዘር ይመጣል፤ የኩላሊቱ ሥራ ነው እንጂ የኪሱ አልነበረም። እሱንም የጀመረው በእግሩ አውራ ጣት ነው፤ በዚያው ሲንጀሩን በሚረግጥበት እግር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» አለው። ቅቤ አሞቁለት፣ አሹት። ተወው። ወደ ሥራው ተመለሰ። በዓመቱ መጣ፤ ደግሞ ተወው። ከዚያ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ ጉልበቱ፣ በመጨረሻ የእጅ ጣቶቹ። እብጠቶቹ ጠጥረው ቀሩ። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት የቀኑን መርፌዎች ሁሉ ክር አስገብቼለት ነበር የምወጣው፤ ክሩን መያዝ አቅቶት ነበርና።

የሰርጌን ልብስ ሊሰፋልኝ ከልጅነቴ ጀምሮ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ጨርቁን ራሱ መርጦ ገዛው። የሰፋው ግን ሌላ ሰው ነው። አባዬ በርጩማ ላይ አጠገቡ ተቀምጦ፣ እጁን ጋቢው ውስጥ ደብቆ፣ «እዚህ ጋ ጠበብ አድርገው፣ እሷ ወገቧ ቀጭን ነው» ይል ነበር። ያንን ልብስ አንድ ቀን ለብሼው አላውቅም ብል ይሻለኝ ነበር። ዛሬም ሳጥን ውስጥ አለ፤ አውጥቼ ማየት አልችልም።

ነርስ ከሆንኩ በኋላ ነው የገባኝ። አንተ መሳቢያ ውስጥ የወረወርከው ክኒን፣ ዩሪክ አሲዱን የሚቀንሰው አሎፑሪኖል፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለሪህ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። አባዬ ሲሰቃይ መድኃኒቱ ነበረ። እሱ ዘንድ አልደረሰም። ከሱቅ የህመም ማስታገሻ እየገዛ ዓመታት ዋጠ፤ ኩላሊቱም ደከመ። አንተ ዘንድ ግን ደርሷል። ህመሙ ተወኝ ብለህ አታቁመው!

አሁን የምታደርገውን ልንገርህ። ክኒኑን ዝም ብለህ በራስህ አትጀምር። መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ ሄደህ «አቁሜ ነበር» በለው። ይቆጣህ፤ ቁጣ አይገድልም። ብዙውን ጊዜ በ100 ሚሊግራም ወይም ከዚያ ባነሰ አስጀምሮ ቀስ እያለ ይጨምርልሃል። ክሪስታሉ መሟሟት ሲጀምር ህመሙ ሊነሳብህ ይችላል፤ አብሮ ኮልቺሲን የሚባለውን ህመሙ እንዳይነሳ የሚከላከል ክኒን ያዘዘልህ ለዚህ ነው። እየዋጥክ ሳለ ቢነሳብህ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለህ እንዳታቆም። ሽፍታ ከወጣብህ ግን ያኔውኑ አቁመህ ወደ ሐኪም ቤት ሩጥ። መገጣጠሚያህ አብጦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለህም እንዲሁ፤ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ አያድርም።

«ምርመራዬ ደህና ነው» ማለትህንም ሰምቻለሁ። ህመሙ በተነሳ ሰዓት ዩሪክ አሲዱ ደህና ሆኖ ሊታይ ይችላል። ከተሻለህ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ድገመው። የምንፈልገው ከ6 በታች ነው፤ ለአንድ ቀን ሳይሆን ሁልጊዜ።

ከምግብ፣ ዱለትን እርሳው። ጉበትና ኩላሊት ዋነኞቹ ናቸው። ቁርጡንም ቀንስ። ከሁሉም ግን ቢራው! 55 ቀን ጾመህ በአንድ ቀን ሥጋና ድራፍት ብትደራርብበት እግርህ ምን ያድርግ? ለስላሳም ስኳሩ ጥሩ አይደለም። ሽሮና ምስር አቁም ያለህን ሰው ግን አትስማው፤ እነሱ ሪህ አያመጡብህም። እርጎ ብላ። ቡናህንም ጠጣ። ጾም ሲሆን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳትቀምስ አትዋል፤ ንስሐ አባትህን አማክር፣ ይፈቅዱልሃል። ክብደትህንም ቀስ ብለህ ቀንስ። በረሃብ አይደለም፤ እሱም ያስነሳዋል።

ዓለሜ፣ የምጮኸው ስለምወድህ ነው። ጣቶችህ የእሱን ጣቶች ይመስላሉ፤ ከተወለድክ ቀን ጀምሮ።

በሶና ቆሎ በሹፌሩ ልኬልሃለሁ፤ ማክሰኞ ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ ሄደህ ተቀበለው። ቅቤው የእህትህ ነው፣ እንዳትነካው። ሐኪሙ ጋ የምትሄድበትን ቀን ለእሷ ንገራት፤ አብራህ ትሄዳለች፣ ተነጋግረናል። የምርመራውን ወረቀት ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ። የክኒኑንም ዕቃ ላክልኝ፤ ስንት እንደቀረ እቆጥራለሁ።

እናትህ