ለእድራችን አባላት፣ ከሐዘንተኛው ቤት

ውድ የእድራችን አባላት፣

በአባዬ ሐዘን፣ በዚያ ሙቀት ድንኳን የተከላችሁ፣ ንፍሮ ያመጣችሁ፣ ከእማዬ ጋር ያመሻችሁ ሁሉ፣ ብድር መላሽ ያድርገን።

አባዬ በ1950ዎቹ ሐረር ጦር አካዳሚ ሲገባ አሰልጣኞቹ ህንዳውያን መኮንኖች ነበሩ። አልጋ አነጣጠፉን እስኪያርፍ አልተወም። ብርድ ልብሱ አራት ማዕዘን ካልወጣው ሞተናል! (ድሬ ላይ ብርድ ልብስ ምን ይሠራል? አይጠየቅም።)

እኛ ልጆቹ በአባዬ የሥራ ዝውውር ትምህርት ቤት በለወጥን ቁጥር ጓደኛ ከዜሮ እንጀምር ነበር። እማዬ ደግሞ የቆርቆሮ ሳጥኗን ጨርሳ አታራግፍም። «ነገ ዝውውር ቢመጣስ?» ትላለች። ሜዳሊያው ለሷ ነበር የሚገባው።

እዚህ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ከገባን በኋላ ነው ሳጥኑን ባዶ ያደረገችው። አሁን የእድሩን ደብተር ታስቀምጥበታለች።