ብስክሌትሽ ቢሰረቅ የቤት ዕቃ መድኑ ይከፍላል ወይ?

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ የጠየቅሽኝን ነገር በአጭሩ መልሼልሽ ቢሆን ኖሮ አሳስትሽ ነበር፤ ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የጻፍኩልሽ። «የቤት ዕቃ ኢንሹራንስ ገብቻለሁ፤ ብስክሌቴ ቢሰረቅ ይከፍሉኛል አይደል?» ነበር ያልሽው። ሊከፍሉሽም ላይከፍሉሽም ይችላሉ። የሚወስኑት ነገሮች ብስክሌቱ ሲሰረቅ የት እንደነበረ፣ ከምን ጋር እንደታሰረና ያንቺ መሆኑን በምን እንደምታስረጂ ናቸው። ሦስቱም ዛሬ፣ ብስክሌቱ እጅሽ ላይ እያለ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው። ሌባው ከሄደ በኋላ የሚቀናው ነገር ጥቂት ነው።

ከቦታው ልጀምር። የቤት ዕቃ መድን ስሙ እንደሚለው ቤት ውስጥ ላለ ዕቃ የተበጀ ነው። ብስክሌትም እንደ ፍሪጅሽና እንደ አልጋሽ ዕቃ ነው፤ በሩ ተሰብሮ ከክፍልሽ ከተወሰደ አብዛኛው ውል ይሸፍነዋል። «ተሰብሮ» የምትለዋን ቃል ግን ዝም ብለሽ አትለፊያት። ብዙ ውሎች ሌባው በኃይል የገባበት ምልክት እንዲኖር ይጠይቃሉ፦ የተፈለቀቀ በር፣ የተሰበረ መስኮት፣ የተቆረጠ ጓጉንቸር። መስኮት ከፍተሽ ወጥተሽ ሌባ በዚያ ቢገባ፣ ምልክት ስለሌለ ካሳ ሊከለከል ይችላል። ከሰው ጋር ቤት ተጋርቶ ለሚኖር ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አብራሽ የምትኖረው ልጅ የጋበዘችው እንግዳ ሳሎን ያቆምሽውን ብስክሌት እየገፋ ቢወጣ፣ የወሰደው በፈቃድ የገባ ሰው ነው፤ የተሰበረ ነገር የለም። ስለዚህ ማደሪያው በቁልፍ የሚዘጋው የራስሽ ክፍል ይሁን፤ ቦታ ቢያጣብብሽም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው የጋራ ደረጃ ሥር፣ ኮሪደር ወይም የግቢ ጥግ ላይ ነው። ላንቺ «ቤት» ነው፤ በውሉ ግን ብዙ ጊዜ ቤት ማለት በራስሽ በር የሚዘጋው ክፍል ብቻ ነው። የጋራውን ቦታ አንዳንዱ ውል ጨርሶ ይተወዋል፣ አንዳንዱ ብስክሌቱ ለብቻው ታስሮ ከሆነ ይቀበለዋል። በግቢ ውስጥ ለብቻው የተሠራ መጋዘን ወይም ጋራዥም ብዙ ጊዜ የራሱ አንቀጽ አለው፤ እዚያ ለሚቀመጥ ዕቃ የሚከፈለው ጣሪያ፣ ማለትም ከፍተኛው ገንዘብ፣ ዝቅ ያለ ሊሆን ይችላል፣ መቆለፉም ሊጠየቅ ይችላል። የውልሽን የመጀመሪያ ገጾች ስትከፍቺ «ትርጓሜ» የሚል ክፍል ታገኛለሽ። «ቤት» ማለት ምን እንደሆነ የተጻፈውን አረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አንብቢው። ከሽፋኑ ዝርዝር ይልቅ ያ አረፍተ ነገር ነው የሚፈርድብሽ ወይም የሚፈርድልሽ።

ከቤት ውጪ፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤትሽ በር ላይ ወይም ገበያ አካባቢ ከተሰረቀ፣ መደበኛው የቤት ዕቃ መድን በአብዛኛው አይነካውም። ለዚህ «ከቤት ውጪ ሽፋን» የሚባል ጭማሪ ያስፈልጋል፤ አረቦኑ፣ ማለትም ለመድኑ የምትከፍዪው ክፍያ ላይ ትንሽ ተጨምሮ የሚገዛ ነው። ጭማሪውን ገዝተሽም ቢሆን ብስክሌት በውስጡ መኖሩን በግልጽ ጠይቂ፤ ስልክና ላፕቶፕን አካትተው ብስክሌትን ለብቻው የሚያስወጡ ውሎች አሉ። ጥያቄውን በጽሑፍ ላኪ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበይ። የሽያጭ ሠራተኛ በስልክ «አዎ ይሸፍናል» ያለሽ ካሳ በምትጠይቂበት ቀን አይገኝም።

አሁን ወደ መቆለፊያው። ብዙ ውል «ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር ታስሮ» ይላል። ጎማውን ከፍሬሙ ጋር ብቻ አስረሽ ብታቆሚው ሌባው ብስክሌቱን ተሸክሞ ይሄዳል፤ መድን ሰጪውም ሁኔታው አልተሟላም ብሎ ይመልስሻል። የፊት ጎማውን ብቻ ከምሰሶ ጋር ካሰርሽ ደግሞ ጎማው ተፈትቶ እዚያው ይቀራል፣ ቀሪው ይሄዳል። መቆለፊያው በፍሬሙ ውስጥ ማለፍ አለበት፤ ቢቻል የኋላ ጎማውንም ይዞ። የምታስሪበትን ምሰሶ ቀና ብለሽ ተመልከቺ፤ አጭር ሆኖ ጫፉ ባዶ ከሆነ ብስክሌቱ ከነመቆለፊያው ወደ ላይ ተነሥቶ ይወጣል። መቆለፊያውን መሬት አታስነኪው፤ መሬቱን መደገፊያ አድርጎ በመዶሻ መምታት ይቀላል። በመቆለፊያውና በብስክሌቱ መካከል የሚቀረው ክፍተትም ይጥበብ፤ ሰፊ ክፍተት ለመፈልቀቂያ ብረት ወይም ለክሪክ ማስገቢያ ይሆናል። ቀጭን የሽቦ ገመድ በእጅ በሚያዝ መቁረጫ በሰከንዶች ይበጠሳል፤ ብዙ መድን ሰጪዎችም አይቀበሉትም። ድፍን ብረት የሆነው የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያለው ወይም ወፍራም የጠነከረ ሰንሰለት ይሻላል።

አንዳንዱ ውል ጠንካራ መቆለፊያ በማለት ብቻ አይረካም፤ ደረጃውን ይጠራል። በብሪታኒያ «ሶልድ ሴኪዩር» የሚባለው ፈታሽ ድርጅት መቆለፊያዎችን ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅና አልማዝ እያለ ይመድባል፤ በኔዘርላንድ ደግሞ «ኤአርቲ» የሚባለው ምልክት በኮከብ ቁጥር ይሰጣል። የብስክሌቱ ዋጋ ከፍ ሲል የሚጠየቀው ደረጃም ከፍ ይላል። የመቆለፊያውን ደረሰኝ ከብስክሌቱ ደረሰኝ ጋር አብረሽ አስቀምጪ። ሁለቱንም ቁልፎችም እንዲሁ። ከስርቆት በኋላ «ሁለቱንም ቁልፎች አምጪ» የሚሉ መድን ሰጪዎች አሉ፤ አንዱ ከጎደለ ብስክሌቱ ተቆልፎ እንደነበር ማስረዳት ከባድ ነው።

ሰዓቱም ይቆጠራል። ውጪ ታስሮ ከ12 ወይም ከ24 ሰዓት በላይ ሳይታይ የቆየ ብስክሌትን የማይሸፍኑ ውሎች አሉ። በጀርመን የቀድሞ ውሎች ውስጥ ደግሞ ሌሊት ከ4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር፣ ብስክሌቱ በአገልግሎት ላይ ካልነበረ ውጪ ከተሰረቀ እንዳይከፈል የሚል አንቀጽ የተለመደ ነበር። ውልሽ ላይ «ሌሊት» የሚል ቃል ካገኘሽ ከሥሩ አስምሪበት።

የማይሸፈኑትን ጥቂቶቹን ልንገርሽ። ኮርቻው፣ መብራቱ ወይም አንድ ጎማ ብቻ ቢሰረቅ፣ ሙሉ ብስክሌቱ አብሮ ካልሄደ በቀር ብዙዎቹ አይከፍሉም። በብስክሌቱ ዕቃ እያደረስሽ ገንዘብ ብትሠሪበት ወይም ብታከራዪው የግል መገልገያ መሆኑ ያበቃል። ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ሽያጭ ነው። ማስታወቂያ አውጥተሽ አንዱ «ልሞክረው» ብሎ ተቀምጦበት ቢጠፋ፣ በእጅሽ አስረክበሽዋል፤ መድን ሰጪው ይህን ከስርቆት ሳይሆን ከማታለል ይቆጥረዋል፣ ማታለልም በብዙ ውል ከሽፋን ውጪ ነው። ገዢ ካልከፈለ ወይም መያዣ ካልተወ አታስሞክሪው።

በባትሪ የሚሄድ ልትገዢ እንዳሰብሽ ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ መስመሩ ፍጥነቱና ሞተሩ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሞተሩ ከ250 ዋት ያልበለጠ፣ ፔዳሉን ስትረግጪ ብቻ የሚያግዝና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዙን የሚያቆም ከሆነ እንደ ብስክሌት ይቆጠራል። ከዚያ ካለፈ እንደ ሞተር ተሽከርካሪ ይታያል፤ የቤት ዕቃ መድን ደግሞ ሞተር ተሽከርካሪን አይሸፍንም። ፍጥነቱን ለመጨመር የተነካካ ብስክሌትም ያው ነው። ሌላ አገር ቁጥሩ ሊለያይ ይችላል፣ አካሄዱ ግን በአብዛኛው ይኸው ነው። ባትሪውን ስታቆሚው ነቅለሽ ይዘሽው ግቢ፤ ብቻውን ቢሰረቅ የመከፈል ዕድሉ ጠባብ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ «ይሸፍናል» ተብሎም ጥቂት የሚደርስሽ በዚህ ምክንያት ነው። የአንድ ዕቃ ጣሪያ የሚባል ነገር አለ። ብስክሌትሽ ከጣሪያው በላይ የሚያወጣ ከሆነ በስሙና በዋጋው በውሉ ሠንጠረዥ ላይ ለብቻው ካልተመዘገበ ከጣሪያው በላይ አይከፈልሽም። ከዚያ የዕቃዎችሽ ጠቅላላ ዋጋ አለ። አረቦን ለመቆጠብ ብለሽ አሳንሰሽ ካስመዘገብሽ በተመጣጣኝ ይቀነስብሻል። ዕቃሽ በሙሉ 100 የሚያወጣ ሆኖ 60 ብለሽ አስመዝግበሽ ከሆነ፣ 10 የሚያወጣ ብስክሌት ሲጠፋ የሚታሰብልሽ 6 ነው። ከዚያ ላይ አንቺ የምትሸከሚው ተቀናሽ 2 ቢሆን እጅሽ የሚገባው 4 ይሆናል። ውሉ «አዲስ በአሮጌ ፈንታ» የማይል ከሆነ ደግሞ የእርጅና ቅናሽም ይነሣል።

ስለዚህ እኔ እንዲህ እመክርሻለሁ፦ ብስክሌትሽ ርካሽ ከሆነና ዋጋው ከተቀናሹ ብዙም የማይርቅ ከሆነ፣ ጭማሪ ሽፋን አትግዢ፤ ገንዘቡን መቆለፊያ ላይ አውዪው። ትንሽ ካሳ ጠይቀሽ የሚቀጥለውን ዓመት የአረቦን ቅናሽ ብታጪበት ከስረሻል። ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ግን በስሙ አስመዝግቢው፣ ከቤት ውጪ ሽፋኑንም ጨምሪ። ከዚያ ለብቻው የሚሸጠውን የብስክሌት መድን ዋጋ ጠይቀሽ አወዳድሪ፤ ውድ ለሆነ ብስክሌት ያ አንዳንዴ ይረክሳል፣ የጎማና የኮርቻ ስርቆትንም ሊይዝ ይችላል።

ማስረጃውን ዛሬ ማታ ሥሪው። ብስክሌቱን ገልብጠሽ በመሪውና በኮርቻው አቁሚው። ሁለቱ ፔዳሎች ከተያያዙበት ክብ ቱቦ ሥር፣ ብዙ ጊዜ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር አለ፤ የፍሬም ቁጥር የሚሉት እሱን ነው። ጭቃና ግራሶ ስለሚደፍነው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው። ቀለም ሸፍኖት ጠፍቶ ከታየሽ የስልክሽን መብራት ከፊት ሳይሆን ከጎን አብሪበት፤ ጥላው ፊደሎቹን ያወጣቸዋል። እዚያ ከሌለ ከመሪው ሥር ያለውን ቱቦ፣ የኮርቻውን ቱቦ ወይም የኋላ ጎማ የሚታሰርበትን ጫፍ እይ። ስትጽፊው ዜሮን ከላቲኑ ኦ፣ 1ን ከላቲኑ አይ ለይ፤ አንድ ፊደል ብትሳሳቺ የፖሊስ መዝገብና ደረሰኙ አይገጥሙም። ቁጥሩን በቅርብ ፎቶ አንሺው፣ ከዚያ ብስክሌቱን በሙሉ ከሁለቱም ጎን፣ ጭረቱንም ጭምር። ያገለገለ ከሆነ የገዛሽው፣ የሻጩ ስምና ፊርማ፣ ቀኑ፣ ዋጋውና የፍሬሙ ቁጥር ያለበት ወረቀትና የባንክ ማስተላለፊያው ያስፈልጋል። ሁሉንም ለራስሽ በኢሜይል ላኪው፤ ስልክሽም ሊሰረቅ ይችላል።

እንዳያድርገውና ከተሰረቀ፣ የተቆረጠው መቆለፊያ መሬት ላይ ወድቆ ከሆነ ሳታነሺ ፎቶ አንሺው፤ ከዚያ ይዘሽው ሂጂ፣ አትጣዪው። በዚያው ቀን ለፖሊስ የፍሬሙን ቁጥር ሰጥተሽ የመዝገብ ቁጥር ተቀበይ፤ አካባቢው ካሜራ ካለውም ቀረጻው ሳይሰረዝ እንዲያዩት ንገሪያቸው። ለመድን ሰጪው ወዲያው በጽሑፍ አሳውቂ፤ ውሉ የሰጠው ቀን ካለፈ ትክክለኛ ጥያቄ እንኳ ሊወድቅ ይችላል። ቅጹ ላይ የሆነውን ብቻ ጻፊ። ዋጋውን ከፍ ብታደርጊ ወይም ሳይቆለፍ የቆመውን ተቆልፎ ነበር ብትዪ ካሳውን በሙሉ ሊከለክሉሽ ይችላሉ። እሺ ሳይሉሽ አዲስ አትግዢ፤ በገንዘብ ፈንታ እነሱ ራሳቸው ብስክሌት የሚተኩ አሉ። ከተከፈለሽ በኋላ ብስክሌቱ ቢገኝ አብዛኛውን ጊዜ የእነሱ ነው፤ አሳውቂ፣ ካሳውን መልሰሽ ብስክሌቱን መውሰድ ከፈለግሽም ጠይቂ።

ቢከለክሉሽ በስልክ «አይሆንም» መባልን አትቀበይ። የትኛው አንቀጽ እንደሆነ በቁጥሩ ጠቅሰው በደብዳቤ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ስርቆቱ መድረሱን የማስረዳት ሸክም ያንቺ ነው፤ ከሽፋን ውጪ የሚያደርግ አንቀጽ አለ የሚል ከሆነ ግን በደንቡ ያንን የማሳየቱ ሸክም የመድን ሰጪው ነው። ደብዳቤው ከደረሰሽ በኋላ በመጀመሪያ ለራሳቸው የቅሬታ ክፍል፣ ካልሆነም ለመድን ተቆጣጣሪው ማመልከት ትችያለሽ።

የውልሽን ሠንጠረዥና «ትርጓሜ» የሚለውን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። የፍሬሙን ቁጥርም አብረሽ ጻፊልኝ፤ እኔም ዘንድ ተመዝግቦ ይቀመጥ።

እናትሽ